ለግልገል እባብ ምቹ ቤት ማዘጋጀት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እባብ ለማሳደግ እያሰባችሁ ከሆነ፣ ወይም ደግሞ ትናንት ማታ አንድ ግልገል ይዛችሁ ገብታችሁ "አሁንስ ምን ላድርግ?" እያላችሁ ከሆነ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ጥያቄዎቹ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ናቸው። አብዛኛውን የማወራው ስለ ኮርን ስኔክ እና ስለ ቦል ፓይተን ነው፤ ብዙ ጀማሪ በእነዚህ ነው የሚጀምረው። ኮርን ስኔክ መነሻው ደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ የሆነ ቀጭንና ቀልጣፋ እባብ ነው። ቦል ፓይተን የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ትንሽ ዘንዶ ሲሆን፣ ሲፈራ ጭንቅላቱን መሃል ደብቆ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል ነው ስሙን ያገኘው። ሁለቱም መርዝ የላቸውም። ሌላ ዝርያ ከያዛችሁ አስተሳሰቡ አንድ ነው፣ ቁጥሮቹ ግን ይለያያሉና የራሳችሁን እባብ ቁጥር ፈልጉ።

እባቡን ወስጄ ቤቱን ቀስ እያልኩ ባሟላስ?

አይሆንም። መጀመሪያ ቤቱ፣ ከዚያ እባቡ።

የሚያምር ግልገል ሲያዩ ልብ ይቸኩላል፣ ይገባኛል። ግን ሳሩን አይተን ገደሉን ሳናይ ስንቀር የሚጎዳው እሱ ነው። የአንድ ሳጥን ሙቀት እስኪስተካከል ቀናት ይፈጃል፤ ማሞቂያውን ትሰካላችሁ፣ ትለካላችሁ፣ በጣም ሞቀ ብላችሁ ታወርዳላችሁ፣ ሌሊት ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሳጥኑም አብሮ ቀዝቅዞ ታገኙታላችሁ። እባቡ ውስጥ ካለ ይሄ ሁሉ ሙከራ የሚካሄደው በእሱ አካል ላይ ነው። ባዶውን ሳጥን ቢያንስ ለአንድ ሳምንት አሠሩት። ጠዋት፣ ቀትር ላይና ማታ ለኩ፣ ጻፉት። ቁጥሩ ለተከታታይ ሦስት አራት ቀን ካልተናወጠ ያኔ አምጡት።

በምትኖሩበት አገር እባብ በቤት ማሳደግ መፈቀዱንና ፈቃድ ማስፈለግ አለማስፈለጉንም ከሁሉ በፊት አጣሩ።

ትልቅ ሳጥን ግልገሉን ያስጨንቀዋል ይባላል፤ እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። ግልገልን የሚያስጨንቀው ስፋቱ ሳይሆን ባዶነቱ ነው። አስቡት፣ ከእንቁላል የወጣ ኮርን ስኔክ ርዝመቱ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ ውፍረቱም ከእርሳስ አይበልጥም። በተፈጥሮ ወፉም፣ ድመቱም፣ ትልልቁ እባብም ይበላዋል። ስለዚህ ገላጣ ቦታ ላይ መታየት ለእሱ ሞት ነው። አንድ የውሃ ሳህንና አንድ መደበቂያ ብቻ ያለበት ሰፊ ሳጥን ውስጥ ብታስገቡት ጥግ ይዞ ይቀራል፣ ምግብም እምቢ ሊል ይችላል። ያንኑ ሳጥን በቅጠል፣ በቅርፊት፣ በግንድና በጎሬ ብትሞሉት ግን ከጥግ ጥግ ሲዞር ታዩታላችሁ።

የእኔ ምክር እንዲህ ነው። እባብ ስታሳድጉ የመጀመሪያችሁ ከሆነ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ሳጥን ጀምሩ። ሙቀቱን መቆጣጠር ይቀላል፣ መብላት አለመብላቱንም ቶሎ ታውቃላችሁ። ሲያድግ ታሰፋላችሁ። ልምድ ካላችሁና በደንብ የምትሞሉት ከሆነ ደግሞ ገና ከጅምሩ የአዋቂውን ቤት ብትሰጡት ምንም አይሆንም።

ለመለኪያ የሚሆናችሁ ነገር ቢኖር፣ እባቡ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ሳጥኑ ከእሱ ማጠር የለበትም። ሁለቱም ዝርያዎች ሲያድጉ አብዛኛውን ጊዜ ከ90 እስከ 150 ሴንቲ ሜትር ይደርሳሉ፤ ስለዚህ ቢያንስ 120 በ60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ እባቡ ከዚያ ከረዘመ ደግሞ የሚበልጥ ቤት የሚያስፈልግበት ቀን ይመጣል። ቦታውን ከአሁኑ አስቡበት።

መስታወት፣ ፕላስቲክ ወይስ እንጨት?

ሁሉም ይሠራሉ፣ ሁሉም ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። መስታወት ለማየት ይመቻል፤ ሙቀትና እርጥበት ግን በቶሎ ይለቃል፣ በተለይ ክዳኑ ወንፊት ከሆነ። የወንፊቱን ከፊል መሸፈን ይረዳል፣ ሙሉውን ግን አትዝጉት፣ አየር ያስፈልገዋል። ማሞቂያ አምፖል ከወንፊቱ በላይ ካለ ደግሞ የምትሸፍኑበት ነገር እሳት የማይበላው ይሁን። ለእባብ ተብሎ የተሠራ የፕላስቲክ ሳጥን ሙቀቱንም እርጥበቱንም ይይዛል፤ ለቦል ፓይተን እኔ እሱን እመርጣለሁ። እንጨት ሙቀት ይይዛል፣ ነገር ግን ውስጡ ውሃ በማያሳልፍና ሽታው ሙሉ በሙሉ በጠፋ ቀለም ካልተቀባ ከጊዜ በኋላ ያብጣል፣ ይሻግታል።

አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር፦ በሩ ከፊት ለፊት የሚከፈት ሳጥን ከላይ ከሚከፈተው ይሻላል። ለግልገል እባብ ከላይ የሚመጣ ነገር አዳኝ ወፍ ነው። እጃችሁ በየቀኑ ከሰማይ እየወረደ እንዳይፈራችሁ መጠበቅ ይከብዳል።

እውነት በዚህች ቀዳዳ ያመልጣል?

ያመልጣል። ጭንቅላቱ ከገባ ቀሪው አካሉ ይከተላል። የግልገል ጭንቅላት ደግሞ የትንሽ ጣት ጥፍር ታክላለች።

ይሄን የተማርኩት በራሴ ነው። የመጀመሪያው ኮርን ስኔኬ የማሞቂያው ገመድ በሚገባበት ክፍተት ወጥቶ አራት ቀን ጠፋብኝ። ክዳኑ ላይ ሁለት መቆለፊያ ነበረ፣ ሁለቱም እንደተቆለፉ ነበሩ፤ እኔ የማየው ክዳኑን ብቻ ነበር። ያገኘሁት ከፍሪጁ ጀርባ፣ ሞተሩ የሚሞቅበት ቦታ ተጠቅልሎ ነው። አራት ቀን ሙሉ በር በከፈትኩ ቁጥር፣ ወንበር በጎተትኩ ቁጥር ልቤ ስንጥቅ ትል ነበር።

እና እባቡ ከመግባቱ በፊት ሳጥኑን ጨለማ ክፍል ውስጥ አድርጉና ውስጡ የስልክ መብራት አብርታችሁ ከውጭ ዙሩት። ብርሃን የሚያፈስ ክፍተት ሁሉ ይጠረጠራል። የገመድ ቀዳዳ፣ የሚንሸራተቱት ሁለት መስታወቶች መሃል ያለው ክፍተት፣ የወንፊቱ ጠርዝ፣ አንድ በአንድ እዩት። ክፍተቱን የምትደፍኑት ግን በቴፕ አይሁን፤ እባብ ሙጫው ላይ ከተጣበቀ ሲላቀቅ ቆዳው ይቀደዳል። ሲሊኮን ወይም ስፖንጅ ይሻላል፤ ሲሊኮን ከሆነ በደንብ እስኪደርቅና ሽታው እስኪጠፋ ጠብቁ።

ስንት ዲግሪ መሆን አለበት?

አንድ ቁጥር ብቻ ፈልጋችሁ ከሆነ፣ የለም። ምናልባት ከሁሉም በላይ ልትይዙልኝ የምፈልገው ይሄን ነው።

እባብ እንደ እኛ የሰውነቱን ሙቀት ከውስጥ አያመነጭም። ሲበርደው ወደ ሞቃት ቦታ ይሄዳል፣ ሲሞቀው ወደ ቀዝቃዛው ይመለሳል። ኑሮው ይሄው ነው፣ ቀኑን ሙሉ መምረጥ። ስለዚህ የእናንተ ሥራ ሳጥኑን በሙሉ 30 ዲግሪ ማድረግ አይደለም። እንደዚያ ካደረጋችሁት ሲሞቀው የሚሸሽበት የለውም። ሥራችሁ አንዱን ጫፍ ሞቃት፣ ሌላውን ጫፍ ቀዝቀዝ ያለ አድርጋችሁ ምርጫውን ለእሱ መተው ነው።

ለኮርን ስኔክ በሞቃቱ ጎን የወለሉ ሙቀት ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ቀዝቃዛው ጎን ከ22 እስከ 25 ይሁን። ሌሊት ወደ 20 ቢወርድ አይጎዳውም። ቦል ፓይተን ትንሽ ከፍ ያለ ይፈልጋል፤ ሞቃቱ ጎሬ ከ31 እስከ 33፣ ቀዝቃዛው ጎን ከ25 እስከ 27፣ ሌሊትም ከ24 ባይወርድ ጥሩ ነው።

ሙቀቱ ለምን ይሄን ያህል ያስጨንቀናል? ምግብ የሚፈጨው በሙቀት ስለሆነ ነው። የበላ እባብ ከበረደው የዋጠው አይጥ ሆዱ ውስጥ ሳይፈጭ ይበሰብሳል፣ ከዚያ ያስመልሰዋል። ማስመለስ ለግልገል ቀላል ነገር አይደለም፣ በጣም ያዳክመዋል። ለረጅም ጊዜ የቀዘቀዘና እርጥብ የሆነ ሳጥን ደግሞ ሳንባውን ያሳምመዋል፤ አፉን ከፍቶ ሲተነፍስ፣ ሲያፏጭ ወይም አፉ ዙሪያ አረፋ ሲታይ ቀን ሳትቆጥሩ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።

የትኛው ማሞቂያ ይሻላል?

የምትገዙት ምንም ይሁን፣ ቴርሞስታት ከሌለው አትሰኩት። ቴርሞሜትር ሙቀቱን ይነግራችኋል፤ ቴርሞስታት ግን እናንተ ያዘዛችሁት ዲግሪ ላይ ሲደርስ ራሱ ኃይሉን ይቀንሳል ወይም ያጠፋል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ያለ ቴርሞስታት የተሰካ ማሞቂያ ምንጣፍ ሆድ ለማቃጠል የሚበቃ ሙቀት ላይ ሊደርስ ይችላል። የሚያሳዝነው ደግሞ እባብ ከታች የሚያቃጥለው ነገር ላይ ተኝቶ ሳይነሳ ሊቆይ መቻሉ ነው። በዚህ የተቃጠለ ሆድ ብዙ የእንስሳት ሐኪም አይቷል።

የማሞቂያ ምንጣፍ ከመረጣችሁ ከሳጥኑ ወለል አንድ ሦስተኛውን ያህል ብቻ ይሸፍን፣ ከሳጥኑ ውጭ ከስር ይደረግ። ሳጥኑ ከጠረጴዛው በትንሹ ከፍ ይበል፣ ሙቀቱ ታፍኖ እንዳይጠራቀም። የቴርሞስታቱ መለኪያ ጫፍ ምንጣፉ ያለበት ቦታ ላይ በደንብ ይጠበቅ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ከላይ ያለው ንጣፍ ወፍራም ከሆነ ከላይ ስትለኩ 30 ታነባላችሁ፣ እባቡ ግን ቆፍሮ ወለሉ ድረስ ሲወርድ 40 ሊጠብቀው ይችላል። ስለዚህ ምንጊዜም ሊደርስበት የሚችለውን በጣም ሞቃት ቦታ ለኩ፣ ማለትም የታችኛውን ወለል።

ከላይ የሚያሞቅ አምፖል ወይም ብርሃን የሌለው የሴራሚክ ማሞቂያ አየሩንም ጭምር ያሞቃል፤ ክፍላችሁ ቀዝቃዛ ከሆነ ይሄ ይሻላችኋል። ማሞቂያው ሳጥኑ ውስጥ ከሆነ ዙሪያውን በሽቦ መከለያ ክለሉት፣ ያለዚያ ይጠመጠምበታል። ለአምፖል ብርሃኑን ቀስ እያለ የሚቀንስ ቴርሞስታት ያስፈልጋል፤ አብርቶ የሚያጠፋው ዓይነት አምፖሉን ብልጭ ድርግም እያደረገ እባቡንም ይረብሻል፣ አምፖሉንም ይገድላል። የሌሊት ቀይ አምፖል ግን ተዉት፣ ሌሊት መጨለም አለበት።

ሶኬት ውስጥ የሚሰካ የሚሞቅ ድንጋይም ይሸጣል። አትግዙት። አንድ ቦታው ብቻ እሳት ይሆናል፣ ሌላው ቀዝቃዛ ነው።

መለኪያን በተመለከተ፣ ሳጥኑ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ክብ ባለ ቀስት ቴርሞሜትር አትመኑት። የሚለካው የግድግዳውን አየር ነው፣ እባቡ ደግሞ ወለል ላይ ነው ያለው። ሁለት ዲጂታል መለኪያ፣ አንዱ ሞቃቱ ጎን አንዱ ቀዝቃዛው ጎን።

መብራት ቢጠፋስ?

አትደንግጡ። ጤነኛ እባብ ለጥቂት ሰዓታት ቢቀዘቅዝ ምንም አይሆንም። ሳጥኑን በብርድ ልብስ ሸፍኑት፣ የአየር ቀዳዳው ግን ክፍት ይሁን። ከቆየ የሞቀ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አንዱ ጥግ አስቀምጡለት፤ ከፈለገ ይጠጋዋል፣ ካልፈለገ ይርቃል። ሙቀቱ እስኪመለስ ምግብ አትስጡት። መብራቱ ሲመጣ ብርድ ልብሱን ከማሞቂያው ላይ ማንሳት አትርሱ።

ስንት መደበቂያ ያስፈልገዋል?

ቢያንስ ሁለት፤ አንዱ ሞቃቱ ጎን፣ አንዱ ቀዝቃዛው ጎን። አንድ ብቻ ከሆነ እባቡ በየቀኑ በደኅንነቱና በሙቀቱ መካከል ሊመርጥ ነው። ብዙውን ጊዜ ደኅንነቱን ይመርጣል። ጎሬው ቀዝቃዛው ጎን ከሆነ እየበረደውም ቢሆን እዚያው ይቀራል፣ እናንተም "ሙቀት አይወድም" ትላላችሁ።

መጠኑ ላይ ሰው ይሳሳታል። ሰፊ፣ እንደ ዋሻ አፉን የከፈተ ጌጠኛ መደበቂያ ለዓይን ያምራል እንጂ ለእባብ መደበቂያ አይደለም። እባብ የሚረጋው ጀርባውና ጎኑ ግድግዳ ሲነካ ነው። ጥሩ ጎሬ ጠባብ ነው፣ ዝቅ ያለ ነው፣ መግቢያው አንድ ነው፣ ውስጡ ጨለማ ነው። ተጠቅልሎ ሲገባ ልክክ የሚልበት። ከውድ ዕቃ ይልቅ መግቢያ የተቆረጠለት ትንሽ የፕላስቲክ ሳህን ተደፍቶ ብዙ ግልገሎችን አርክቷል፤ የተቆረጠው ጠርዝ ስለት እንዳይሆን ብቻ በአሸዋ ወረቀት አልስልሱት። ሲያድግ ጎሬውም አብሮ ይቀየራል።

በሁለቱ ጎሬዎች መካከል ያለውንም መንገድ አትርሱት። ሰው ሠራሽ ቅጠል፣ የቡሽ ዛፍ ቅርፊት፣ ደረቅ ቅጠል፣ ያገኛችሁትን ጨምሩ። ግልገሉ ከሞቃቱ ወደ ቀዝቃዛው ሲሄድ ሳይታይ መሄድ መቻል አለበት። ኮርን ስኔክ ከፍታ ላይ መውጣት ስለሚወድ ወፈር ያለ ቅርንጫፍ አጋድሙለት፣ ቦል ፓይተንም ሌሊት ሌሊት ይወጣል። ከባድ ድንጋይ ወይም ግንድ ካስገባችሁ ግን ወለሉ ላይ አስደግፉት እንጂ ንጣፉ ላይ አታስቀምጡት፤ ከስሩ ሲቆፍር ይወድቅበታል።

ወለሉ ላይ ምን ላንጥፍ?

ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነጭ የወጥ ቤት ወረቀት። አያምርም፣ ግን ኩሱን ታያላችሁ፣ ማይት የሚባሉት ጥቃቅን ጥቁር ተባዮች ካሉም ነጭ ላይ ቶሎ ይታያሉ። እባቡ ጤነኛ መሆኑን፣ መብላቱንና ኩሱ ደኅና መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ ወደ እውነተኛው ንጣፍ ትሻገራላችሁ።

ለኮርን ስኔክ የአስፐን ዛፍ ሰጋቱራ ጥሩ ነው፤ ዋሻ እየሠራ ይገባበታል፣ ሲረጥብ ግን ይሻግታል። ለቦል ፓይተን የኮኮናት ቃጫ ወይም የተፈጨ የዛፍ ቅርፊት ይሻላል፣ እርጥበት ይይዛልና። ውፍረቱን አትሰስቱ፣ ከ5 ሴንቲ ሜትር ባያንስ መልካም ነው፣ ከስር የማሞቂያ ምንጣፍ ካለ ግን ከላይ ስለ ወለሉ ሙቀት ያልኩትን አስታውሱ።

የሴዳርና የጥድ ዓይነት ሽታቸው የሚያውድ ዛፎች ሰጋቱራ በፍጹም አይሁን። ለእኛ ደስ የሚለው ሽታ ለእባብ መተንፈሻ መርዝ ነው። አሸዋም ለእነዚህ ሁለቱ ዝርያዎች አይሆንም።

እርጥበቱን እንዴት ላስተካክል?

ኮርን ስኔክ ከ40 እስከ 60 በመቶ ይበቃዋል። ቦል ፓይተን ከ60 በመቶ አካባቢ እስከ 70 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የእርጥበት መለኪያ ያስፈልጋችኋል፣ በዓይን አይገመትም።

ብዙ ሰው ጠዋት ማታ ውሃ ይረጫል። ይሄ ለግማሽ ሰዓት ከፍ ያደርገዋል፣ ከዚያ ይወርዳል፣ ላዩ ርጥብ ታቹ ደረቅ ይሆናል። የተሻለው ዘዴ ንጣፉን ከስሩ ማርጠብ ነው፦ በሳጥኑ ጥግ ጥግ ትንሽ ውሃ አፍስሳችሁ የታችኛው ንጣፍ እንዲረጥብ፣ የላይኛው ደረቅ እንዲሆን ታደርጋላችሁ። ይሄ ከላይ ለሚሞቅ ሳጥን ነው የሚመቸው። ሁልጊዜ ረግረግ ላይ የሚተኛ እባብ ሆዱ ይቆስላል፤ እርጥበት በአየሩ ውስጥ እንጂ ከሆዱ ስር አይደለም የሚፈለገው።

ቆዳውን ሊቀይር ሲል ዓይኑ ሰማያዊ ግራጫ ይሆናል፣ መልኩም ይደበዝዛል። ግልገል ቶሎ ስለሚያድግ ይሄ በየአራት እስከ ስድስት ሳምንቱ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ በደንብ ስለማያይ ይፈራል፣ አትንኩት። ሦስተኛ ጎሬ ጨምሩለት፤ ክዳን ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ጎኑ ላይ ቀዳዳ አበጅታችሁ ውስጡን እርጥብ ስፋግነም ሞስ (ውሃ የሚይዝ ለስላሳ ተክል ነው) ሙሉት። ሞሱ ሲጨመቅ ውሃ የማይንጠባጠብ ይሁን። ቆዳው እንደ ካልሲ ተገልብጦ በአንድ ላይ ከወጣ ቤታችሁ ደኅና ነው። ተቆራርጦ ከወጣ እርጥበቱ አንሷል ማለት ነው። የጭራው ጫፍና የዓይኑ ሽፋን መውጣታቸውን ከወጣው ቆዳ ላይ እዩ። ዓይኑ ላይ ቀርቶ ካያችሁ በጥፍርም በወረንጦም አትሞክሩት፤ ለሐኪም ተዉት።

ውሃስ?

ሁልጊዜ ንጹሕ፣ በማይገለበጥ ከባድ ሳህን። ግልገሉ ገብቶ በቀላሉ የሚወጣበት ይሁን። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ቀይሩ፣ ኩስ ካለበት ወዲያው። ሳህኑ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተዘፍዝፎ ከቆየ ወይ ሞቆታል፣ ወይ ደርቆበታል፣ ወይ ማይት አለበት።

የአልትራቫዮሌት መብራት ግድ ነው?

አይጥ በደንብ እየበላ ከሆነ ያለ እሱም ይኖራል። ደካማ የአልትራቫዮሌት መብራት ግን ይጠቅመዋል፣ አቅሙ ካላችሁ ብታደርጉለት ደስ ይለኛል። ግድ የሚሆነው ቀንና ሌሊቱን መለየቱ ነው፤ 12 ሰዓት ያህል ብርሃን፣ 12 ሰዓት ጨለማ።

ሳጥኑን የት ላስቀምጠው?

ፀሐይ በቀጥታ የማታገኘው ቦታ። መስታወት ሳጥን መስኮት ስር ሆኖ ፀሐይ ከወጣችበት በደቂቃዎች ውስጥ ምድጃ ይሆናል፣ እባቡም ይሞታል። እባብ የውጭ ጆሮ ባይኖረውም ንዝረት በአካሉ ይሰማዋል፤ ስለዚህ ከስፒከር፣ ከልብስ ማጠቢያ ማሽንና ከሚንኳኳ በር አርቁት። ከወለል ከፍ ያለ፣ ጀርባው ግድግዳ የሆነ ቦታ ያረጋጋዋል። ክፍሉ ውስጥ ሽቶና የተባይ መድኃኒት አትርጩ።

ብቻውን እንዳይሆን ሁለት ላድርግ?

አይ። እነዚህ እባቦች ብቻቸውን የሚኖሩ ናቸው፣ ብቸኝነት አይሰማቸውም። ሁለቱ አንድ ጎሬ ውስጥ ተደራርበው ስታዩ የተዋደዱ ይመስላችኋል፤ እውነቱ ግን ጥሩው ቦታ አንድ ስለሆነ እየተሻሙበት ነው። አንዱ ይበላል፣ አንዱ ይቀጭጫል። ኪንግ ስኔክ ከሆኑ ደግሞ አንዱ ሌላውን ይውጠዋል። አንድ ሳጥን፣ አንድ እባብ።

ካመጣሁት ጀምሮ ተደብቆ ቀረ፤ ችግር አለ?

የለም፣ እንዲያውም ቤቱን ተቀብሎታል ማለት ነው። ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ተዉት። ውሃ ቀይሩ፣ ሙቀት ለኩ፣ ሌላ ምንም። አትያዙት፣ ጎሬውን እያነሳችሁ አትዩት፣ ዘመድ ጠርታችሁ አታሳዩት። ይሄ ሳምንት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ጓጉታችሁ ያመጣችሁት ነውና። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያውን ምግብ ስጡት፤ በረዶ ሆኖ የቆየ፣ አሁን ቀልጦ የሞቀ ግልገል አይጥ፣ ውፍረቱ ከእባቡ ወፍራም ቦታ ጋር ተመጣጣኝ የሆነ። ማይክሮዌቭ ውስጥ አታሙቁት፣ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ከበላ በኋላ ለ48 ሰዓት አትንኩት። እምቢ ካለ አይጡን አንሱና ከአንድ ሳምንት በኋላ ሞክሩ፤ እስከዚያ የሙቀቱን ቁጥርና የጎሬውን ጥበት እንደገና ፈትሹ፣ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ እዚያ ነው ያለው። ቦል ፓይተን በተለይ ምግብ እምቢ በማለት የታወቀ ነው። ግልገሉ እየከሳ ከሄደ ግን ሐኪም ያስፈልገዋል።

ጽዳቱስ? ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ አለ።

ኩስና ሽንት ባያችሁበት ቀን አንሱ። ሙሉ ንጣፉን እንደ አስፈላጊነቱ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ቀይሩ። ሳጥኑን በሙቅ ውሃና ሳሙና እጠቡ፣ ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ10 እጅ ውሃ አቅጥናችሁ ቀብታችሁ ለ10 ደቂቃ ተዉት፣ በብዙ ውሃ አለቅልቁት፣ ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ አድርቁት። የጥድ ሽታ ያላቸው ማጽጃዎች ለእባብ አይሆኑም።

ስለ ልጁ፣ እባቦች ጤነኛ ሆነውም ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ሊይዙ ይችላሉ። እባቡንም ዕቃውንም ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የእባቡን ዕቃ ምግብ በሚዘጋጅበት ማጠቢያ አትጠቡ። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንዲነኩት አይመከርም፤ ነፍሰ ጡሮችና በሕመም አቅማቸው የደከመ ሰዎችም እንደዚሁ። ልጁ በመስታወቱ ይየው፣ መስታወቱን ግን አያንኳኳ።

ተመችቶታል አልተመቸውም የምለው ምን አይቼ ነው?

ቀን ቀን ጎሬው ውስጥ ነው፣ ሲመሽ ወጥቶ ይዞራል፣ ምላሱን ቀስ እያለ ያወጣል ያስገባል። አንድ ቀን ሞቃቱ ጎን፣ አንድ ቀን ቀዝቃዛው ጎን ታገኙታላችሁ። ይሄ እየመረጠ ነው ማለት ነው። ሁልጊዜ ሞቃቱ ጎን ብቻ ከሆነ ሳጥኑ በርዷል፣ ሁልጊዜ ቀዝቃዛው ጎን ብቻ ከሆነ ሞቃቱ በጣም ሞቋል፤ ወይም ደግሞ የአንደኛው ጎን ጎሬ አልተመቸውም። ቀንም ሌሊትም ሳያርፍ መስታወቱን በአፍንጫው የሚገፋ ከሆነ መውጫ እየፈለገ ነው፤ አፍንጫው ሳይቆስል ሙቀቱን፣ መደበቂያውንና ስፋቱን እዩ።

ወደ ትልቁ ቤት መቼና እንዴት ላዛውረው?

ርዝመቱ ከሳጥኑ ርዝመት ጋር ሲቀራረብ ጊዜው ደርሷል። አዲሱንም ቤት እንደ መጀመሪያው ባዶውን ለአንድ ሳምንት አሠሩት። እባቡ በበላ በሁለት ቀን ውስጥ አታዛውሩት፣ ዓይኑ የደበዘዘበት ሳምንትም አይሁን። የድሮ ጎሬዎቹን ሳታጥቡ፣ ከድሮው ንጣፍም ንጹሑን አንድ ሁለት እፍኝ ይዛችሁ አዲሱ ቤት ውስጥ አስገቡለት። እባብ ዓለምን የሚያውቀው በማሽተት ነው። የራሱን ሽታ ካገኘ የመጀመሪያውን ሌሊት እዚያችው አሮጌ ጎሬው ውስጥ ያሳልፋል፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሌሊት አንገቱን አውጥቶ አዲሱን ቦታ ማሰስ ሲጀምር ታዩታላችሁ።